ገና ሩብ ሳይዞር የሚጮኸው አምፕ



ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ አምፕሊፋየር ስትጠይቁ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሻጩ ስልኩን ይሰካል፤ ቮሊዩሙን በሁለት ጣቱ ነካ ያደርገዋል፤ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ዘወር ይልና «ገና ሩብ እንኳ አልሞላም እኮ! ሙሉውን ባዞረውማ ሰፈሩ ይነሳብናል» ይላል። ገዢው ይህን ሲሰማ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል።

ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ሻጭ ጋር ነው። ዋሽቷል አልልም፤ አምፑ ሩብ ላይ መጮኹ እውነት ነው። ነገር ግን ሩብ ላይ መጮኹ ስለ ጉልበቱ አንዳች አይነግረንም። የሚነግረን የገባለት ቮልቴጅ እሱ ከሚፈልገው በብዙ መብለጡን ብቻ ነው። ይህም ሱቅ ውስጥ ሙገሳ ቢመስልም ቤት ሲገባ ጣጣ ነው።

አምፕሊፋየራችሁ አንድ ሳጥን ከሆነ ጣጣው አብዛኛውን ጊዜ አይነካችሁም። በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ፋብሪካው አስማምቶ ነው የሰጣችሁ። የፊተኛው ፕሪአምፕ ነው። ከሸክላ፣ ከቴፕ ወይም ከሲዲ የሚመጣውን ይመርጣል፣ ካስፈለገ ያጎላል፣ ቮሊዩሙም ያለው እሱ ላይ ነው። የኋለኛው ፓወር አምፕ ነው፤ ስፒከሩን የሚገፋው እሱ ነው። ሁለቱን ለየብቻ የገዛ፣ አንዱን ከዱባይ ሌላውን ከአሜሪካ፣ አንዱን ከዛሬ ሌላውን ከአርባ ዓመት በፊት ያመጣ ሰው ግን የፋብሪካው መሐንዲስ ሥራ በእሱ ጫንቃ ላይ ወድቋል። ብዙው ሰው ይህን ልብ አይለውም። ጃኩ ከገባና ድምፅ ከወጣ ሁለቱ ተስማምተዋል ብሎ ያምናል።

የፓወር አምፕ ሥራ ማባዛት ነው። የገባለትን ቮልቴጅ በማይለወጥ ቁጥር ያበዛዋል። ቁጥሩ 20 ከሆነ 0.1 ቮልት ሲገባ 2 ቮልት፣ 1 ቮልት ሲገባ 20 ቮልት ይወጣል። ይህ የሚሆነው አቅሙ እስከሚፈቅድለት ጥግ ድረስ ነው። ጥጉን ሲያልፍ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ትዊተሩም አደጋ ላይ ይወድቃል። አምፑን ከጥጉ ለማድረስ መግቢያው ላይ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ሴንሲቲቪቲ ይባላል። ከዕቃው ጋር በሚመጣው መመሪያ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በደማቁ ከታተመው የዋት ቁጥር በታች፣ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የሚያነበው ግን እምብዛም ነው።

ቁጥሩን በእጃችን እንያዘው። በ8 ኦም ስፒከር ላይ 100 ዋት ማለት 28.3 ቮልት ማለት ነው፤ 100ን በ8 አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። ለሲኒማና ለቤት ቴያትር ድምፅ ደረጃ የሚያወጣው ቲኤችኤክስ ለፓወር አምፕ የመረጠው የማጉላት መጠን 29 ዴሲቤል ነው፤ ወደ 28 እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ 1 ቮልት ሲገባ 28 ቮልት ይወጣል፣ 100 ዋትም ይሞላል። 1 ቮልት ለ100 ዋት፤ ለማስታወስ ስለሚቀል የዛሬ ማታ ማነጻጸሪያችን ይሁን። ዴሲቤል የሚለውን ስለምደጋግመውም ሁለት ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ቮልቴጅ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይጨምራል፣ አሥር እጥፍ ሲሆን 20።

እንግዲህ ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱን 0.5 ቮልት ይሞላዋል፤ ሌላው 2 ቮልት ይፈልጋል። በአንድ ፕሪአምፕ፣ ቮሊዩሙን ሳትነኩ፣ ገመዱን ከአንዱ ወደ ሌላው ብታዛውሩ የመጀመሪያው በ12 ዴሲቤል ይበልጣል። ማንም ጆሮ ያለው ሰው «ይሄኛው ጀግና ነው» ይላል። ሁለቱም ግን ጥጋቸው 100 ዋት ላይ ነው፤ አንዱ ቶሎ ደረሰ፣ ሌላው ረጋ ብሎ ይደርሳል። ሻጩ የሚያሞግስላችሁ ቶሎ መድረሱን ነው።

ይህ ነገር ከየት መጣ ለሚል ሰው በአንድ ድርጅት ታሪክ ላሳየው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምናገረው። ፒተር ዎከር የተባለው እንግሊዛዊ በ1936 ያቋቋመው፣ በኋላ ከለንደን ወደ ሀንቲንግደን የተዛወረው ድርጅት ኳድ በሚል ስም አምፕሊፋየሮች ሠርቷል፤ ዛሬም በየአገሩ ተፈልገው የሚገዙ ናቸው። በ1953 ያወጣው ባለ ቫልቩ ኳድ ቱ ኃይሉ 15 ዋት ሲሆን እሱን ለመሙላት 1.4 ቮልት ያስፈልጋል። በ1967 ባለ ትራንዚስተሩ ኳድ 303 መጣ፤ 45 ዋት ነው፣ የሚፈልገው ግን 0.5 ቮልት ብቻ። ቀጥሎ በ1975 የመጣው 405 ደግሞ 100 ዋት ነው፤ እሱንም 0.5 ቮልት ይሞላዋል። ይህ የመጨረሻው ሲሰላ ወደ 57 እጥፍ ያጎላል ማለት ነው፤ ማነጻጸሪያ ካደረግነው አምፕ እጥፍ።

አንድ ድርጅት፣ አንድ አለቃ፣ ሁለት የተለያየ ልክ። ዎከር ግን ጥንዶቹን አስማምቶ ነው የሠራው። ለኳድ ቱ የሚሆነው 22 የተባለው ፕሪአምፕ 1.4 ቮልት ያወጣል፤ ለ303 የሚሆነው 33 የተባለው 0.5 ቮልት ያወጣል። ጥንዶቹን ሳትለያዩ ከገዛችሁ ነገሩ አለቀ። ችግሩ የሚመጣው ዛሬ እንደምናደርገው ከአንዱ ቤት ወንዱን ከሌላው ሴቷን ስናመጣ ነው። 22ን ከ303 ጋር ብታጋቡት ቮሊዩሙ ከመነሻው ይጮኻል። 33ን ከኳድ ቱ ጋር ብታጋቡት ደግሞ ወደ 9 ዴሲቤል ያጥረዋል፤ ለመድረስ ከተመደበለት ልክ በላይ ማስገደድ አለባችሁ።

ዎከር አስቀድሞ ሊያውቀው ያልቻለው ነገር ግን የኋላ ኋላ መጣ። በ33 ጀርባ ላይ ያለው የሬዲዮ መግቢያ የተሠራው ለ100 ሚሊቮልት ነው፤ የዚያ ዘመን ሬዲዮ የሚሰጠው ያንን ያህል ነበርና። በ1982 ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን ለገበያ አበቁ። የሲዲ ማጫወቻ መውጫ በልማድ 2 ቮልት ሆኖ ጸና። 2 ቮልት ለ100 ሚሊቮልት ሃያ እጥፍ ነው፤ 26 ዴሲቤል። ያ መግቢያ ያልጠበቀው እንግዳ መጣበት።

እርሳስ ያላችሁ ይህን ጻፉ። ሲዲ ከ33 ጋር፣ 33 ከ303 ጋር ተገናኝተዋል። ሲዲው ሙሉ ድምፁን ሲያወጣ 303 ከጥጉ እንዳያልፍ ብቻ ቮሊዩሙ 26 ዴሲቤል መቀነስ አለበት። ይህ ገና ቤቱ በ45 ዋት እየተናወጠ ነው። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ የሙዚቃው ጫፍ ከ1 ዋት ሳያልፍ እናዳምጥ ካልን ሌላ 16 ተኩል ዴሲቤል እንቀንሳለን። ድምሩ ከ42 ዴሲቤል ያልፋል። የተለመደው የቮሊዩም ፖት መሀሉ ላይ ሲቆም የሚቀንሰው ደግሞ 20 ዴሲቤል ገደማ ነው። እንግዲህ 42 የት እንደሚገኝ አስቡት፤ ቁልፉ ከመነሻው ፈቀቅ እንዳለ፣ ጣታችሁ ትንሽ ካዳለጠው ወይ ጸጥ ወይ ጩኸት የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው።

በዚያ ቦታ ላይ ሌላም ችግር አለ። ስቴሪዮ ቮሊዩም በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት ፖቶች ናቸው፤ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ። ከመሀል በላይ ተቀራርበው ይሄዳሉ። ከታች ጫፍ አጠገብ ግን በተለይ ርካሾቹ በሁለትና በሦስት ዴሲቤል ይለያያሉ። ሞኖ የተቀዳ ዘፈን ስታዳምጡ ድምፃዊው ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል መሀል መቆም አለበት። እናንተ ቤት ማታ ማታ ወደ ግራ የሚያጋድል ከሆነና ቮሊዩሙን ከፍ ስታደርጉት ተመልሶ መሀል የሚገባ ከሆነ፣ ስፒከር አትቀይሩ። ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም፤ ፖቱን ሊሠራበት በማይችልበት ቦታ እያሠራችሁት ነው። ለዚህ ሲባል ስንት ስፒከር እንደተለወጠ፣ ስንት ውድ ገመድ እንደተገዛ ባወራ አመሻሻችንን ይጨርሰዋል።

ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ደግሞ ሌላ መነሻ አለው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከቮሊዩሙ በፊት የተፈጠረ ሽሽታ ቮሊዩሙ ሲቀንስ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይቀንሳል። ከቮሊዩሙ በኋላ በፕሪአምፑ ውስጥ የሚፈጠረው ግን ቮሊዩሙን ዜሮ ብታደርጉትም እዚያው ቁጭ ብሏል፤ ፓወር አምፑም ያገኘውን ያበዛል። ፕሪአምፑ 20 ማይክሮቮልት ሽሽታ አለው እንበል፤ መጥፎ ቁጥር አይደለም። 405 በ57 ሲያበዛው ስፒከሩ ላይ ከ1 ሚሊቮልት ትንሽ ያልፋል። ስፒከራችሁ በ1 ዋት 87 ዴሲቤል የሚያወጣ ተራ ስፒከር ከሆነ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት የሚሰማው ሽሽታ 19 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ አይሰማም ማለት ይቻላል። ስፒከራችሁ 104 ዴሲቤል የሚያወጣ ባለ ቀንድ ከሆነ ግን ያው ሽሽታ 36 ዴሲቤል ይሆናል፤ ሌሊት ከሶፋችሁ ላይ ሆናችሁ ትሰሙታላችሁ። ያንኑ ፕሪአምፕ 10 እጥፍ ብቻ ከሚያጎላ አምፕ ጋር ብታገናኙት ሽሽታው በ15 ዴሲቤል ይወርዳል። ፕሪአምፑም ስፒከሩም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ማባዣው ቁጥር ነው። የሚፈለገው ማጉላት ከ1 ብዙም ሳይበልጥ ከፊት 40 ጊዜ አሳንሶ ከኋላ በ57 ማጉላት በርበሬ አብዝቶ ውሃ እንደ መከለስ ነው፤ ወጡ መጠኑ ሊስተካከል ይችላል፣ ጣዕሙ ግን ያው አይሆንም።

ሽሽታው ከየትኛው ሳጥን እንደመጣ መለየት ቀላል ነው። ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጉና ጆሯችሁን ወደ ትዊተሩ አስጠጉ። ቀጥሎ ፓወር አምፑን አጥፉ፤ ሳታጠፉ ገመድ አትንቀሉ፣ ስፒከሩን ትቀጡታላችሁ። ከፕሪአምፑ የሚመጣውን ገመድ ንቀሉና በቦታው የመሀሉ ምስማር ከውጭው ቀለበት ጋር የተገናኘበት ባዶ ጃክ ሰክታችሁ አብሩት። ሽሽታው ከጠፋ ባለቤቱ ፕሪአምፑ ነው፤ በመሀላቸው ቮልቴጅ መቀነስ ይረዳችኋል። ካልጠፋ የፓወር አምፑ የራሱ ነው፤ የቱንም ብትቀንሱ አይለቃችሁም። እምምም የሚል የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ከሆነ ግን ጉዳዩ የመሬት ገመድ ነው፤ ሌላ ምሽት ይፈልጋል።

መድኃኒቱ ሁለት ሪዚስተር ነው። ለአንድ ቻናል አንድ 6.8 ኪሎ ኦም እና አንድ 2.2 ኪሎ ኦም ውሰዱ። ትልቁ ከፕሪአምፑ መውጫ እስከ አምፑ መግቢያ በመንገዱ ላይ ይቀመጣል፤ ትንሹ ከአምፑ መግቢያ ወደ መሬት ይወርዳል። ሲግናሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 12 ዴሲቤል ገደማ። የአምፑ መግቢያ ራሱ 20 ኪሎ ኦም ከሆነ ከትንሹ ሪዚስተር ጎን ስለሚቆም 13 ይጠጋል፤ አትገረሙ። ሁለቱን ሪዚስተሮች ከጃኩ ቆብ ውስጥ መበየድ ይቻላል። 10 ወይም 12 ዴሲቤል ተብለው ተሠርተው የሚሸጡም አሉ፣ ከጃኩ ፊት የሚሰኩ። ሲሰካ በአምፑ በኩል እንጂ በፕሪአምፑ በኩል አይሁን፤ ገመዱ መንገድ ላይ የለቀመው ጉምጉምታም አብሮ እንዲቀነስ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህ ቀናሽ ለፕሪአምፑ 9 ኪሎ ኦም ገደማ ሸክም ሆኖ ይታየዋል። ትራንዚስተር ፕሪአምፕ ግድ የለውም። ባለ ቫልቭ ከሆነ ግን መውጫው ላይ ያለውን ካፓሲተር ተመልከቱ። 1 ማይክሮፋራድ ከሆነ ቤዙ መውረድ የሚጀምረው 18 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ችግር የለም። 0.22 ማይክሮፋራድ ከሆነ ግን ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ቤዝ መሳሳት ይጀምራል፤ ከዚያ «ሪዚስተሩ ነፍሱን አወጣው» ትላላችሁ። እንዲህ ዓይነት ፕሪአምፕ ያለው ሰው ሪዚስተሮቹን በሦስትና በአራት እጥፍ ያሳድጋቸው፤ ግን ሲያሳድግ ያ የአምፑ 20 ኪሎ ኦም ይበልጥ ስለሚጫን ስሌቱን እንደገና ይሥራው።

የት ቦታ መቀነስ እንዳለበት ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያነሳሁትን ጥንድ፣ 33ን እና 303ን አስቡ። እነሱ እርስ በርስ ተስማምተዋል፤ ትርፉ ያለው በሲዲውና በ33 መሀል ነው። ስለዚህ ቀናሹ የሚገባው ከሲዲው መግቢያ ላይ ነው። የዘመኑን ፕሪአምፕ ከ405 ጋር ያገናኘ ሰው ግን ትርፉ ያለው በፕሪውና በፓወሩ መሀል ስለሆነ እዚያው ይቀንሳል። ሸክላ የሚያዳምጥ ሰውም ተጨማሪ ምክንያት አለው። የተለመደው የሸክላ መርፌ ራስ 5 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል፤ የሸክላው ማጉያ በ100 ሲያበዛው 0.5 ቮልት ይሆናል። ከሲዲው በ12 ዴሲቤል ያንሳል። ከሸክላ ወደ ሲዲ ስትቀይሩ ልባችሁ ዘሎ አፋችሁ የሚገባው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ሲዲውን ብቻ መቀነስ እንጂ ሁሉንም ከኋላ ብትቀንሱ ሸክላው ትንፋሽ ያጥረዋል።

አንዳንድ ፓወር አምፖች ጌይን ወይም ሌቭል የሚል ቁልፍ ስላላቸው ባለቤቶቻቸው ዕድለኞች ናቸው፤ ሪዚስተር አያስፈልጋቸውም። ግን በአገራችን ይህን ቁልፍ መቀነስ ዋቱን መቀነስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይቀንስም። አምፑ ያው 100 ዋት ነው፤ የሚጠይቃችሁ ቮልቴጅ ብቻ ጨመረ። «ስፒከሩ እንዳይቃጠል ግማሽ ላይ አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ስፒከሩን አልጠበቀውም። ሚክሰሩን ከፍ ያደረገ ዕለት ያቃጥለዋል።

ሚክሰር ካነሳሁ አይቀር፣ ልደት ወይም ምርቃት ሲኖር የአዳራሽ ሚክሰር ተውሶ ከሳሎን አምፕ ጋር የሚያገናኝ ወጣት በየሰፈሩ አለ። የባለሙያ ዕቃ መደበኛ ልክ 1.23 ቮልት ነው፤ የቤት ዕቃ ልክ 0.316 ቮልት። ልዩነቱ 12 ዴሲቤል ይጠጋል፤ ሚክሰሩ ሲገፋ ደግሞ ወደ 10 ቮልት የሚደርስ አለ። የሳሎኑ አምፕ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ቢሰነጣጠቅ ምን ይገርማል? ተገላቢጦሹም አለ። ስልኩን በቀጥታ ከሞንታርቦ ጋር ሰክቶ «ሞንታርቦው ደክሟል» የሚል ሰው አይታችኋል። ሞንታርቦው አልደከመም፤ የጠበቀው የሚክሰር ድምፅ ሆኖ ሳለ የመጣለት የስልክ ሹክሹክታ ነው።

የቮልቴጅ ማነስ በቤት ውስጥ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲያጋጥም ግን ግራ ያጋባል። ኔልሰን ፓስ የተባለው አሜሪካዊ የአምፕሊፋየር ሠሪ በፈርስት ዋት ስም ያወጣው ኤፍ 4 የሚባል ፓወር አምፕ ቮልቴጅ ጨርሶ አያጎላም። የገባውን ያንኑ ያወጣል፤ የሚጨምረው ስፒከሩን መግፊያ ከረንት ነው። 25 ዋት አለው፤ እሱን ለመሙላት ፕሪአምፑ 14 ቮልት መስጠት አለበት። 2 ቮልት የሚሰጥ ዕቃ ብታገናኙት ግማሽ ዋት ብቻ ታገኛላችሁ፤ 5 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ 3 ዋት። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልስ አይጠፋም። ይኸው ሰውዬ ቢ 1 የሚባል ምንም የማያጎላ ፕሪአምፕም ሠርቷል፤ ሁለቱን የእሱን ሥራዎች ብታጋቡ እንግዲህ ከምንጩ 2 ቮልት በላይ ከየትም አይመጣም።

ቢ 1ን ያነሳሁት ግን ለመተቸት አይደለም፤ በሐሳቡ እስማማለሁ። ዛሬ ከሲዲም ሆነ ከኮምፒዩተር ጋር ከሚገናኘው ደህና ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሲግናል ከሚለውጠው ዕቃ) 2 ቮልት የሚያገኝ፣ አምፑንም 1 ቮልት የሚሞላለት ሰው በመሀል ሌላ ማጉያ ለምን ይገዛል? ብዙ ጊዜ ሳጥን ውስጥ የገባ 10 ኪሎ ኦም ፖት ይበቃዋል። ገመዱ አጭር ይሁን እንጂ። 100 ኪሎ ኦም ፖት ከአምስት ሜትር ገመድ ጋር ቢያደርግ ትሬብሉ ከ13 ሺህ ኸርዝ በፊት መውረድ ይጀምራል፤ 10 ኪሎ ኦሙ ከአንድ ሜትር ገመድ ጋር ግን ጆሮ ከሚሰማው እጅግ በላይ ድረስ አይነካውም። የሚያጎላ ፕሪአምፕ ያስፈለገበት ዘመን ሬዲዮ 100 ሚሊቮልት ይሰጥ የነበረበት ነው። ልማዱ ግን ዛሬም አለ፤ ዋጋውም እንደዚያው።

በየጊዜው የምጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «የፕሪአምፔ መመሪያ 10 ቮልት ያወጣል ይላል፤ 1 ቮልት የሚፈልገውን አምፕ አያቃጥለውም?» አያቃጥለውም። 10 ቮልት ሳይሰነጠቅ ሊደርስ የሚችልበት ጣሪያ ነው። የሚወጣው ከምንጩ የመጣው፣ በማጉላት መጠኑ ተባዝቶ፣ ቮሊዩሙ የፈቀደውን ያህል ነው። ጣሪያው ከአምፑ ፍላጎት እጥፍ ቢሆን ደስ ይበላችሁ። መመርመር ያለበት ጣሪያው ሳይሆን ማጉያው ቁጥር ነው፤ ሁለቱ በመመሪያው ላይ ተቀራርበው ስለሚጻፉ ይምታታሉ።

መመሪያው የጠፋበት ሰው ይለካዋል። አምፑ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ግን በቅድሚያ ጀርባውን ያንብብ፤ የ120 ቮልት ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ሰክቶ የሴንሲቲቪቲ ጉዳይ የሚያሳስበው የለም። ከዚያ ሙሉ መጠኑን የያዘ የ50 ኸርዝ ቶን በስልኩ ወይም በሲዲው ያጫውት። 50 ያልኩት በምክንያት ነው፤ ርካሽ ቴስተር ኤሲ ቮልት በትክክል የሚያነበው በመብራት ኃይል ፍሪኩዌንሲ አካባቢ ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይዋሻል። ስፒከሮቹን ይንቀል። ቴስተሩን ከምንጩ መውጫ ላይ ቢያስቀምጥ ሲዲው 2 ገደማ ያሳየዋል። የአይፎን ትንሿ ማገናኛ በአሜሪካ የምትሸጠው 1 ቮልት፣ በአውሮፓ የምትሸጠው ግን ግማሹን ብቻ ትሰጣለች፤ ዘመድ ከየት እንዳመጣላችሁ እንኳ ለውጥ አለው። ቀጥሎ ቮሊዩሙን እያስተካከለ ወደ አምፑ የሚገባውን 0.1 ቮልት ያድርግ፤ ከዚያ የስፒከሩ ማሰሪያ ላይ ይለካ። 2.8 ካነበበ አምፑ 28 እጥፍ ያጎላል። 5.7 ካነበበ 57 ነው። 100 ዋት ከሆነ 28.3ን ለዚያ ቁጥር ያካፍል፤ የሚያገኘው መልስ አምፑ የሚጠይቀው ቮልት ነው።

ምንጩ ከሚሰጠው ጋር ሲያስተያየው ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት ያውቃል። እስከ መጨረሻው ጥርቅም አድርጎ አይቀንስ፤ ዝግ ብለው የተቀዱ የቆዩ ካሴቶችና ሸክላዎች ስላሉ ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ትርፍ ይተው። ያን ካደረገ ማታ ሲያዳምጥ ቮሊዩሙ ወደ መሀል ተጠግቶ ያገኘዋል፤ ሁለቱ ቻናሎችም በተስማሙበት ቦታ ላይ። ጎረቤቱ መጥቶ «አምፕህ ግማሽ ላይ እንኳ አይጮኽም» ቢለው ምን እንደሚመልስለት አሁን ያውቃል።

ቴስተሩ፣ ቶኑ ያለበት ስልክና ጥቂት ሪዚስተሮች ጠረጴዛው ላይ አሉ። አምፓችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ከጥያቄና መልሱ በፊት እናንተን እናስቀድም፤ ከበድ የሚለውን መጀመሪያ አምጡት።